የ5 ዓመት ልጄን ሳይክል እያለማመድኳት ነው፤ ትንንሾቹን ጎማዎች ላውልቃቸው?

የሰሚቷ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

ልጄ ጥር ላይ 5 ዓመት ሞላት። አባቴ ለልደቷ ሳይክል ገዛላት። ጎማው ባለ 16 ኢንች፣ ሮዝ፣ ከኋላ ግራና ቀኝ ትንንሽ ጎማ ያለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ "ሳይክሌ!" ነው የምትለው።

የምንኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ 3ኛ ፎቅ ነው። ሳይክሉን ተሸክሜ አወርዳለሁ፣ ተሸክሜ አወጣለሁ። ግቢው ኮብልስቶን ነው። አመሻሽ ላይ በመኪና ይሞላል።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ነገር ደረሰብን። መጀመሪያ፣ ጥግ ላይ ስትዞር አንደኛው ትንሽ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ገባና ወደ ጎን ጣላት። ክርኗ ተላጠ፣ አለቀሰች፣ ተነሳች። ይሄ ምንም አይደለም። ሁለተኛው ግን እስካሁን እንቅልፍ ይነሳኛል። ጎረቤታችን መኪናውን ወደ ኋላ ሲያወጣ እሷ ከኋላው ነበረች። ጮኬ ሮጥኩ፣ የመኪናውን ጎን በእጄ ደበደብኩት። ቆመ። ወርዶ ሲያያት እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። "በእግዚአብሔር ስም፣ አላየኋትም" አለኝ። እውነቱን ነው። ሳይክሉ ላይ ቁጭ ስትል ጭንቅላቷ ከመኪናው የኋላ መስታወት በታች ነው።

አሁን ቤታችን ውስጥ ሁሉም የየራሱን ይላል። ባለቤቴ "ትንንሾቹን ጎማዎች አውልቂያቸውና ትውደቅ፤ እኛም የተማርነው በመውደቅ ነው" ይላል። አማቴ ደግሞ "ሳይክሉ ይሸጥ፣ ልጅቷን ልታስጨርሷት ነው" ይላሉ። እኔ ሁለቱንም አልፈልግም። ልጄ ስትነዳ ፊቷን ብታዩት! ልከለክላት አልችልም። ግን እንደዚያ ቀን ዓይነት ነገር ሁለተኛ ማየት አልችልም።

ስለዚህ ጥያቄዬ፦ ጎማዎቹን ላውልቃቸው ወይስ ይቆዩ? የት ወስጄ ላለማምዳት? ሄልሜት አላት፣ ግን ሹሩባ ስትሠራ አይገባላትም፤ ምን ላድርግ? አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ፤ እኔ ራሴ ሳይክል መንዳት አልችልም። የማይችል ሰው ማስተማር ይችላል?

አባ መንታ

እህቴ፣ አይዞሽ። መንታ ልጆቼን በ4 ዓመታቸው በደጋፊ ጎማ ነው ያስጀመርኳቸው። አንድ ዓመት ነዱ። ከዚያ በየሳምንቱ ጎማዎቹን ትንሽ ትንሽ ወደ ላይ ከፍ እያደረግኩ ቆየሁና አወለቅኳቸው። በአንድ ሳምንት ለመዱ። ስለዚህ እኔ እንደ ኃጢአት አላየውም። ልጅ ፍርሃቱ ይለቀዋል፣ ፔዳል መምታትም ይለምዳል።

ቦታ ግን ወሳኝ ነው። እኛን የጠቀመን "መንገድ ለሰው" ነበር፤ መንገዱ ለመኪና ተዘግቶ ለሰው የሚለቀቅበት ቀን ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሲጀመር መኪና የሌለበት አስፋልት ላይ ልጆቼን ለቀቅኳቸው። እኔ ራሴ ከኋላቸው እየሮጥኩ ያለቀስኩ ይመስለኛል። መንገዱ የእነሱ ሆኖ አይቼ አላውቅም ነበር። አሁን በኮሪደር ልማቱ የተሠራው የሳይክል መስመር ቆንጆ ነው። ግን ለጀማሪ ልጅ አይደለም። ትልልቆቹ በፍጥነት ነው የሚያልፉት።

ባህር ዳሬው ሳይክል ጠጋኝ

እህቴ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፋት።

እኔ ባህር ዳር ሳይክል እጠግናለሁ። በሥራው 26 ዓመት ሆኖኛል። አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ ነበር፤ ፈረቃ የሚገባው በሳይክል ነው። እኔም የለመድኩት በእሱ ሳይክል ነው። ኮርቻው ላይ ስለማልደርስ እግሬን በብረቱ መሀል አሾልኬ፣ በአንድ ጎን ተንጠልጥዬ ነበር የምነዳው። ጉልበቴ ላይ ጠባሳው አለ። ስለዚህ ባለቤትሽ "በመውደቅ ነው የተማርነው" ሲል እውነቱን ነው። ግን እኛ የወደቅንበት መንገድ ላይ መኪና አልነበረም። መኪና ሲያልፍ ጨዋታችንን ትተን ቆመን ነበር የምናየው። ዛሬ ባህር ዳርም ቢሆን፣ ሜዳ ናት፣ የሳይክል ከተማ ናት ቢባልም፣ ባጃጁ ለልጅ መንገድ አይሰጥም። የተላጠ ጉልበት ይድናል። የእናንተ ልጅ ግን የምትወድቀው መኪና በሚዞርበት ግቢ ነው።

ሦስቱንም ልጆቼን አስተምሬአለሁ። ሳይክል ሊያሠሩ የሚመጡ ሰዎችን ልጆችም ሱቄ ፊት ለፊት ካለው ሜዳ ላይ ብዙ አስተምሬአለሁ። የማምንበት ቅደም ተከተል ይሄ ነው፦ ሚዛን ይቀድማል፣ ፍሬን ይከተላል፣ ፔዳል መጨረሻ ይመጣል። ብዙ ሰው ከፔዳል ይጀምራል። ልጅ የሚጎዳው ከዚያ የተነሳ ነው።

ትንንሾቹን ጎማዎች አውልቂያቸው። አባ መንታ አይከፋህ፣ ልጆችህ መልመዳቸው ደስ ይላል። ግን ምክንያቱን ልናገር። ሳይክል ወደ ግራ ሊወድቅ ሲል ነጂው መሪውን ለአመል ያህል ወደ ግራ ያዞረዋል። ጎማው ከክብደቱ ሥር ይገባና ሳይክሉ ይቃናል። ወደ ቀኝም እንደዚሁ። ይሄን ማንም በአፉ አያስተምርም፤ ገላ ራሱ ነው የሚማረው። እንዲማር ግን ሳይክሉ ማዘንበል አለበት። ደጋፊ ጎማ ያለው ሳይክል አያዘነብልም። ልጅቷ ዓመት ሙሉ ብትነዳ የምትማረው እግሯን ማሽከርከር ብቻ ነው።

ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። መሬቱ እኩል አይደለም። ሁለቱ ትንንሽ ጎማዎች ጉብ ያለ ድንጋይ ላይ ሲወጡ ትልቁ የኋላ ጎማ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ያን ጊዜ ፔዳል ብትመታ አይሄድም። ከዚህ የሚብሰው ፍሬኑ ነው። ባለ 16 ሳይክሎች ውስጥ ብዙዎቹ ፔዳልን ወደ ኋላ በመርገጥ ነው የሚቆሙት። የኋላው ጎማ መሬት ካልነካ ፍሬን የለም ማለት ነው። እየረገጠች ሳይክሉ ዝም ብሎ ይሄዳል።

አሁን ሥራው። ጎማዎቹን ካወለቅሽ በኋላ ፔዳሎቹንም አውልቂያቸው። አዎ፣ ፔዳሉን። ብዙውን ጊዜ ባለ 15 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ይበቃዋል። እዚህ ጋ ሰው ሁሉ ይሳሳታል፤ የቀኙ ፔዳል እንደ ማንኛውም ብሎን ነው የሚፈታው፣ የግራው ግን ተቃራኒ ነው። ግራ እንዳይገባሽ እንዲህ አድርጊ። ቁልፉን አስገቢና እጀታውን ወደ ላይ አቁሚው። በየትኛውም በኩል ስትፈቺ ወደ ኋላ ጎማ ግፊው። ስታስሪ ወደ ፊት ጎማ። በጉልበት ተቃራኒ ካዞርሽው ጥርሱ ይበላል፣ ከዚያ እኔ ዘንድ መምጣት ነው። ፔዳሎቹን በፌስታል አስረሽ አስቀምጪ። "ኤል" እና "አር" ተጽፎባቸዋል፤ የግራውና የቀኙ አይቀያየሩም።

ኮርቻውን ዝቅ አድርጊው። ቁጭ ስትል ሁለት እግሯ ተረከዟ ጭምር መሬት ይንካ፣ ጉልበቷም ትንሽ ይታጠፍ። እኛ አገር የልጅ ሳይክል እንደ እንቁጣጣሽ ልብስ ነው የሚገዛው፤ "ያድግበታል" ተብሎ። ልብስ ቢሰፋ ይታጠፋል። ሳይክል ሲሰፋ ግን ልጁ ፍሬን አይደርስበትም፣ እግሩን ማውረድ አይችልም። የ5 ዓመት ልጅ ባለ 20 ላይ ሰቅሎ የሚመጣ አባት ሲያጋጥመኝ ሥራዬን አቁሜ አናግረዋለሁ። የእናንተ ባለ 16 ግን ለዕድሜዋ ይሆናል። አባትሽ ይባረኩ፣ ልክ ገዝተዋል።

ከዚያ እንደ ዳክዬ ትሂድበት። ቁጭ ብላ በእግሯ እየገፋች። የመጀመሪያው ቀን መራመድ ብቻ ነው። አትቸኩዪ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ቀን ላይ እርምጃዋ ይረዝማል፣ ራሷ መሮጥ ትጀምራለች። አንድ ቀን ሳታስበው ሁለት እግሯን አንስታ ትንሸራተታለች። ያን ጊዜ መቁጠር ጀምሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... እግሯ መሬት ሳይነካ 10 ከደረሰች ሚዛን ይዛለች። ሚዛን አንዴ ከተያዘ አይረሳም።

አደራ፣ መሪውን አትያዢባት። ኮርቻውንም አትግፊው። ሰው መሪውን ከያዘላት የምትሰማው የአንቺን እጅ እንጂ የሳይክሉን ሚዛን አይደለም። መያዝ ካስፈለገሽ ነጠላሽን ወይም ሻርፕ በደረቷ ዙሪያ፣ በብብቷ ሥር አሳልፈሽ ጫፎቹን ከኋላ ያዢ። ልትወድቅ ስትል ከፍ ታደርጊያታለሽ፤ ሌላውን ጊዜ ላላ ይበል። ጫፉ ግን ጎማ ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቂ። "ወደ ፊት እዪ፣ እኔን አትዪ" በያት። ሳይክል ዓይን ወዳየበት ነው የሚሄደው። ጎማውን ካየች ትወድቃለች፣ ድንጋዩን ካየች ድንጋዩ ላይ ትወጣለች።

ፍሬን። የእጅ ፍሬን አላት? ካላት ሳይክሉ ሳይንቀሳቀስ ጀምራ ትጭመቀው። ጣቷ ካልደረሰ እጀታው ሥር ትንሽ ብሎን አለች፤ እሷን ስታጠብቂያት ፍሬኑ ወደ እጇ ይጠጋል። ይሄን የሚያውቅ ወላጅ አላጋጠመኝም። የትኛው የፊት፣ የትኛው የኋላ እንደሆነ ጎማውን አንስተሽ አዙሪና ለዪው። የፊቱን ብቻዋን በኃይል ከያዘች በመሪው ላይ ትገለበጣለች። ሁለቱን አንድ ላይ፣ ቀስ ብላ። በጠመኔ መስመር አስምሪና "እዚህ ጋ ቁሚ" በያት። ልጆቼ ይሄን ጨዋታ ከመንዳቱ በላይ ነው የወደዱት። ፍሬኗ የፔዳል ብቻ ከሆነ ደግሞ ፔዳሉ ሲወልቅ ፍሬኑም አብሮ እንደሚጠፋ እወቂ። ስለዚህ ቁልቁለት ፈጽሞ አይሆንም፤ ሜዳ ላይ ብቻ።

ቦታ ስትፈልጊ ትምህርት ቤት አስቢ። ቅዳሜና እሁድ ግቢው ባዶ ነው። ጥበቃውን በአክብሮት አናግሪያቸው፣ ለልጅ ሲባል እምቢ አይሉም። የተስተካከለ ሲሚንቶ ወይም አጭር ሳር ያለበት ይሁን። በቀን 20 ደቂቃ ይበቃል። ልጅ ሲደክመው ነው የሚጎዳው።

ጎሚስታ ጋር ንፋስ ስታስሞዪ ልኩን ንገሪው። የልጅ ጎማ በመኪና ኮምፕሬሰር በአንድ ትንፋሽ ይፈነዳል። ቁጥሩ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል።

ግቢያችሁን በተመለከተ ግን ጠንከር ብዬ ልናገር። ሰው ከሥራ በሚመለስበት ሰዓት፣ ከ11 እስከ 1 ሰዓት፣ ሳይክሉ አይውረድ። በሌላ ሰዓትም አንቺ ሁልጊዜ በመኪናውና በልጅቷ መሀል ቁሚ። እሷንም አስተምሪያት፤ መኪና ከኋላው ነጭ መብራት ካበራ ወደ ኋላ ሊመጣ ነው። ነጭ ስታይ ከሳይክሉ ወርዳ ወደ ግድግዳ ትጠጋ። የ5 ዓመት ልጅ ይሄን በደንብ ይይዛል።

ሳይክል አለመቻልሽን አትጨነቂበት። ይሄ ሁሉ ሲሆን አንቺ የምትሠሪው መቁጠርና አብሮ መራመድ ነው።

የፍራንክፈርቷ

ባህር ዳሬው ያሉት በሙሉ እዚህ የማየው ነው። ጀርመን ልጆች በ2 ዓመታቸው ፔዳል በሌለው የእንጨት ሳይክል ነው የሚጀምሩት። ልጄ በ4 ዓመቱ ፔዳል ያለው ሲሰጠው አንድ ከሰዓት ብቻ ነው የፈጀበት። ደጋፊ ጎማ አይቶም አያውቅ።

ሳይክል ራሱ ሲጀመር ፔዳል አልነበረውም እኮ። ከእኛ ብዙ በማይርቅ ማንሃይም በሚባል ከተማ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1817፣ ካርል ድራይስ የተባለ ሰው ነው ባለ ሁለት ጎማውን ይዞ የወጣው። በእግር እየተገፋ ነበር የሚሄደው። ፔዳል የመጣው ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ስለዚህ እህቴ፣ ልጅሽ በእግሯ ስትገፋ ሰው ቢገረም አይግረምሽ።

ስለ መንገድ የእዚህን ሕግ ልንገርሽ። 8 ዓመት ያልሞላው ልጅ መኪና መንገድ ላይ አይነዳም፤ በእግረኛ መንገድ ወይም ከመኪናው መንገድ ተለይቶ በተሠራ የሳይክል መንገድ ነው መንዳት ያለበት። እስከ 10 ዓመት ከፈለገ በእግረኛ መንገድ መቀጠል ይችላል። ከ8 ዓመት በታች ካለ ልጅ ጋር አብሮ የሚነዳ፣ ቢያንስ 16 ዓመት የሆነው ሰውም እግረኛ መንገዱ ላይ ይፈቀድለታል። መንገድ ሲያቋርጡ ደግሞ ሁለቱም ከሳይክሉ ወርደው እየገፉ ነው የሚሻገሩት። 4ኛ ክፍል ሲደርሱ ትምህርት ቤት ከፖሊስ ጋር ሆኖ ያሠለጥናቸዋል፣ ፈተናም አለው። ከዚያ በፊት ማንም "ልጄ ጎበዝ ነው" ብሎ መኪና መሀል አይለቅም። ትንሽ ልጅ የሚመጣ መኪና ምን ያህል እንደሚፈጥን መገመት አይችልም። መኪናውን ያየዋል፣ ግን መቼ እንደሚደርስበት አያውቅም።

ወርዶ ማቋረጥን ከአሁኑ አስለምጃት። የእኔ ልጅ አሁን 9 ዓመቱ ነው። አዲስ አበባ አያቱ ጋ ስንመጣም መንገድ ዳር ሲደርስ ሳይነገረው ይወርዳል።

አባ መንታ

ባህር ዳሬው፣ ወንድሜ፣ ምንም አልከፋኝም። ስለ ኋላ ጎማው መንጠልጠል የጻፍከውን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አንደኛው ልጄ ቁልቁለት ላይ "ፍሬኑ እምቢ አለኝ" እያለ አጥር የገጨ ጊዜ አለ። ረግጠህ ስላልያዝክ ነው ብዬ ተቆጥቼዋለሁ። ለካ ልጁ እውነቱን ነው። ዛሬ ማታ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

ነርሷ

የሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። ስለ ሄልሜቱ እኔ ልመልስልሽ።

በመጀመሪያ የጭንቅላቷን ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ለኪው፤ ከቅንድቧ ከፍ ብሎ። ሄልሜቱ ውስጥ በሴንቲሜትር ተጽፏል። ኢኤን 1078 (EN 1078) የሚል የአውሮፓ የደረጃ ምልክት ካለበት ለሳይክል የሚሆን ነው። ስታደርግላት ግንባሯን ይሸፍን፤ በቅንድቧና በሄልሜቱ መሀል ሁለት ጣት ብቻ ይግባ። ወደ ኋላ ተገፍቶ እንደ ባርኔጣ የተደረገ ሄልሜት ግንባርን አያድንም። ልጅ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ በግንባሩ ነው። ማሰሪያው ከጆሮዋ ሥር ይገናኝ፣ አገጯ ሥር አንድ ጣት ይግባ። አፏን ስትከፍት ሄልሜቱ ጭንቅላቷን ሳብ ካደረጋት ልክ ነው።

ሹሩባውን በተመለከተ፣ ጭንቅላት ላይ የተኛ ቀጭን ሹሩባ ችግር የለውም። ችግሩ አናት ላይ የሚሰበሰበው፣ ዶቃና ትልልቅ ጌጥ ያለው ነው። ሠሪዋን "ወደ ኋላ ወርዶ ማጅራቷ ላይ ይለቅ" በያት። ሄልሜቱን ስትገዢም ፀጉሯ ተሠርቶ እያለ ለኪው። ከሳይክሉ ስትወርድ ደግሞ ወዲያው አውልቂላት። ሄልሜት አድርጎ ዥዋዥዌ ወይም መሰላል ላይ የሚወጣ ልጅ ማሰሪያው ሊያንቀው ይችላል። በደንብ የተመታ ሄልሜት ውጪው ምንም ባይሆን እንኳ ውስጡ ይሰነጠቃል፤ ይቀየር።

እናቶች የማያውቁት ሌላ ነገር አለ፣ መሪው። የመሪው ጫፍ ላይ ያለው ላስቲክ ተቀዶ ብረቱ ከወጣ ዛሬውኑ ይቀየር። ልጅ ሲወድቅ መሪው ዞሮ ሆዱን ይወጋዋል። ከውጪ ትንሽ ክብ ምልክት ብቻ ነው የሚታየው፤ ውስጥ ግን ጉበት ወይም ጣፊያ ሊጎዳ ይችላል። በመሪ ሆዱን የተመታ ልጅ ሆዴን አመመኝ ካለ፣ ካስታወከ፣ ከገረጣ፣ ቤት ውስጥ አታቆዩት። ጭንቅላቱን ከተመታ ደግሞ ደጋግሞ ማስታወክ፣ ያልተለመደ እንቅልፍ፣ ግራ መጋባት፣ የሚብስ ራስ ምታት፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ ፈሳሽ፣ አንዱንም ካየሽ ሐኪም ቤት። "ይተኛበትና ነገ እናያለን" አይባልም። ነገ ይዘውት የመጡ ወላጆችን ፊት አውቀዋለሁ፣ ለዚህ ነው አጥብቄ የምናገረው።

ልብሷን አጠር፣ ጠበብ አድርጊው። ረጅም ቀሚስና የተንጠለጠለ ክር ሰንሰለት ውስጥ ይገባል። ነጠላ ጫማ አይሆንም። ሸራ ጫማ፣ ክሩ ወደ ውስጥ የተከተተ።

የሰሚቷ እናት

ሦስት ሳምንት ሆነን። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። የሆነውን ልንገራችሁ።

ጋሼ ባህር ዳሬው፣ እንዳሉኝ ነው ያደረግኩት። ትንንሾቹ ጎማዎች ወለቁ። ፔዳሉ ላይ ባለቤቴ "እኔ አውቃለሁ" ብሎ የግራውን በተለመደው በኩል ታገለው፣ የባሰ ጠበቀበት። የጻፉትን አነበብኩለት። ቁልፉን አቁሞ ወደ ኋላ ሲገፋው ወዲያው ለቀቀ። ከዚያ በኋላ መልእክትዎን እሱ ነው ደጋግሞ የሚያነበው።

ቅርባችን ያለ ትምህርት ቤት ጥበቃ፣ አንድ ሽማግሌ አባት፣ ቅዳሜ ጠዋት ከ2 ሰዓት ጀምሮ ፈቀዱልን። የመጀመሪያው ቀን ተራመደች ብቻ። "ፔዳሌ የት ሄደ?" እያለች አኮረፈች። ሁለተኛው ቅዳሜ ሮጠች። እሁድ ደግሞ ሳላስበው ሁለት እግሯን አነሳችና እስከ 4 ቆጠርን። ጥበቃው ወንበራቸውን ይዘው መጥተው አብረው ይቆጥራሉ። ትናንት 12 ደረሰች! እኔ መሀል ላይ መቁጠሬን አቆምኩ፤ አፌ ተሳሰረ፣ እሳቸው ናቸው የጨረሱት። አንዴ ብቻ ወደቀች፣ መዳፏን ተላጠች። ቀጣዩን ጊዜ እግሯን ቀድማ አወረደች።

ነርሷ እህቴ፣ መሪውን አየሁት። በአንድ በኩል ላስቲኩ ተቀዶ ብረቱ ወጥቶ ነበር። አዲስ ሳይክል ነው እኮ! ግቢ ውስጥ ወድቃ በነበረ ጊዜ የተቀደደ ነው። ቀየርነው። ሹሩባዋም ወደ ኋላ ሆነ።

ማታ ማታ ሳይክሉ አይወርድም። አለቀሰች፣ ሁለት ቀን። አሁን ለምዳዋለች። ነጩን መብራት ግን በጣም ያዘችው። ታክሲ ውስጥ ሆነን እንኳ "እማዬ፣ ነጭ! ወደ ኋላ ሊመጣ ነው" ትለኛለች። አማቴ ገና አልተስማሙም፤ ግን ባለፈው ቅዳሜ አብረውን መጥተው ዳር ቆመው አይተዋል።

ጋሼ፣ አሁን ፔዳሉን ልመልስ? ሁለቱንም አንድ ጊዜ ወይስ አንድ በአንድ? የእጅ ፍሬን የፊት ብቻ ነው ያላት፣ የኋላው በፔዳል ነው።

ባህር ዳሬው ሳይክል ጠጋኝ

12! እሰይ የእኔ ልጅ። ሳሚልኝ።

ሁለቱንም አንድ ጊዜ መልሺ። አንዱን ብቻ ካሰርሽ ሚዛኗ ይዛባል። ኮርቻውን ለጊዜው አትንኪው፣ ዝቅ እንዳለ ይቆይ። እግሯ መሬት እንደሚደርስ ካወቀች አትፈራም። ሳምንት ሁለት ሳምንት ስትነዳ ካየሻት በኋላ በጣት ስፋት ከፍ ታደርጊዋለሽ።

ፍሬኗ በፔዳል ስለሆነ ከመነሳቷ በፊት ወደ ኋላ መርገጥን አስለምጃት። የኋላውን ጎማ አንሺላት፣ እሷ ቁጭ ብላ ወደ ፊት ትምታው፣ ከዚያ ወደ ኋላ ትርገጥ። ጎማው ቀጥ ብሎ ሲቆም በዓይኗ ትየው። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። የፊቱን የእጅ ፍሬን ለብቻው እንዳትይዝ ደጋግመሽ ንገሪያት። ለመነሳት የምትወደውን እግር ፔዳል ከፊት ከፍ አድርጊው፣ በሌላው እግሯ መሬት ትግፋና ትርገጠው። ወደ ኋላ ያዞረችው እንደሆነ ስለሚይዝባት እጆችሽ ቅርብ ይሁኑ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት ሙከራዎች ይበላሻሉ። ከዚያ ትሄዳለች፣ አንቺ ደግሞ መሮጥ ይኖርብሻል።

ስታስሪ ሁለቱም ወደ ፊት። በመጀመሪያ በእጅ አስገቢው፤ በእጅ እየገባ ካልሄደ ቁልፍ አትጠቀሚ፣ በተሳሳተ በኩል ነው ማለት ነው።

የሰሚቷ እናት

እሺ ጋሼ። ቅዳሜ ጠዋት እናስራለን። 15 ቁልፉን ያዋሰን ያ መኪናውን ሲያወጣ ልጄን ያላያት ጎረቤታችን ነው። አሁን መኪናውን ከማስነሳቱ በፊት ዞሮ ከኋላ ያያል። ቅዳሜ እሱም ሊመጣ ነው። ልጄ ራሷ ነች የጠራችው።